«ማል ጄዼ?»፦ ቀኑ በሬዲዮ ሲቆጠር

ባደግሁበት የአምቦ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ቀድሞ የሚሰማው የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ነበር። ሰውየው ሱቁን እንደከፈተ፣ ሲንጀሩን ገና ሳይገልጥ፣ የቆዳ ልባስ ያለውን ሬዲዮ ከመደርደሪያ ያወርድና በረንዳው ላይ ካለችው ዱካ ላይ ያስቀምጠዋል። የ1 ሰዓት ዜና ሊጀምር ነው። ወደ ትምህርት ቤት የሚያዘግመው አስተማሪ፣ ከጉደር በኩል አህያ እየነዳ የሚመጣው ገበሬ፣ ዳቦ የተላክን ልጆች፣ እዚያች በረንዳ ጋ ስንደርስ የሁላችንም እግር ይከብዳል። ልብስ ሰፊው ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። ዜና እየተነበበ ማውራት በእሱ በረንዳ ነውር ነበር።

ዳቦውን ይዤ ቤት ስገባ አያቴ ምድጃው ጥግ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። አኮ ነበር የምንላት። አማርኛዋ ለገበያ ያህል እንጂ ለዜና የሚበቃ አልነበረም። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ማል ጄዼ?» ምን አለ? እኔም የሰማሁትን፣ የገባኝን ያህል፣ በኦሮምኛ እነግራታለሁ። ያልገባኝን እዘለዋለሁ። መዝለሌን ታውቅብኝና ደግማ ትጠይቀኛለች። ከዚያ አኮ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለወፍጮ ቤት ወረፋ ይነግራል። እኩለ ቀን ላይ ያው ዜና በሌላ ሰው አፍ ወደ ቤታችን ሲመለስ እኔ ያላልኩት ነገር ተጨምሮበት፣ ያልኩትም ተጣርቶ ይመጣል።

ስለ ሬዲዮ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የጣቢያ ታሪክ ነው፤ መቼ ተመሠረተ፣ ማን መራው፣ ጉልበቱ ስንት ኪሎ ዋት ነበር። እኔ ግን ከሆለታ ጀምሮ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ ባሉት የነቀምት መንገድ ከተሞች ሬዲዮ የሚባለው ነገር ግማሹ ብቻ ከአዲስ አበባ ይላክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌላውን ግማሽ የሠራው ሰሚው ነው። ሰምቶ ተረጎመ፣ ተርጉሞ አደረሰ፣ አድርሶም ተከራከረበት። የመጀመሪያው ግማሽ በቴፕ ተቀድቶ ጥቂቱ ተርፏል። ሁለተኛውን የቀዳው ማንም የለም።

የጣቢያውን ነገር ባጭሩ ላንሳው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ጅምር አቃቂ ላይ የቆመው ጣቢያ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ለውጭው ዓለም የተናገሩበት። ከነጻነት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ሥርጭቱ እንደገና ተነሣ። በየካቲት 1955 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ያቋቋመው «ብሥራተ ወንጌል» ሥራ ጀመረ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ ማሰራጫዎቹም ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጌጃ ላይ ተተከሉ። ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ጣቢያውን ወረሰና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» አለው። ለአፍሪካና ለእስያ ወንጌል ይሰብክ የነበረው መሣሪያ ከዚያ ወዲያ ዜና፣ ጥሪና መፈክር ያሰማ ጀመር።

ጌጃ ለአምቦ ቅርብ ናት፤ በአሞራ በረራ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ታዲያ ለምን ነበር ሬዲዮው ቀን ጥርት ብሎ የሚሰማውና ማታ እንደ ወንፊት እህል የሚንገዋለለው? ልጅ ሆኜ ሬዲዮው ውስጥ የሚናገረው ሰው የደከመው ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱ ያለው ሰማይ ላይ ነው። ከአጭር ሞገዱ ሌላ በመካከለኛ ሞገድ የሚመጣው ሥርጭት ቀን ላይ የመሬቱን ገጽ ይዞ ይጓዛል፤ ወደ ላይ የሚወጣውን ክፍል ደግሞ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውና ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ንብርብር ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ቀን የሚሰማው የቅርቡ ጣቢያ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይበተናል። ሞገዱ ከፍ ብሎ ከላይኛው ንብርብር ላይ ይነጥርና ሩቅ አገር ይወርዳል፤ የሩቅ አገሩም ሞገድ በተራው እኛ ዘንድ ይመጣል። ለዚህ ነው ጅባት ተራራ ሥር የተቀመጠ ሰው ማታ መቃኛውን ሲያዞር ዓረብኛ፣ ስዋሂሊ፣ ፈረንሳይኛ ከአማርኛው ጋር እየተጋፋ የሚሰማው። የአጭር ሞገድ ጸባይም እንዲሁ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። የብሔራዊ አገልግሎቱ ለረጅም ዘመን የሚታወቅባቸው 7110 እና 9704 ኪሎ ኸርዝ አንዱ ሲከዳ ሌላው ይሞከር ነበር። በየቤቱ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። መቃኛው ላይ በጥፍሩ ምልክት ያደረገ፣ ሬዲዮውን ወደ መስኮት አዙሮ አንቴናውን በሽቦ ያስረዘመ። ሳይንሱን በስም አይጠራውም፤ ሥራውን ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀው ድንጋይ ነበር። በእኛ አገር የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ነው ስሙ። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ መብራት የለም፤ ድንጋይ ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሬዲዮ ለዜና ይከፈታል፣ ዜናው ሲያልቅ ይዘጋል። የደከመ ድንጋይ አይጣልም። አኮ ከሬዲዮው አውጥታ በሰፌድ ላይ ትደረድረውና እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ከቀትር በኋላ ገልበጥ ታደርገዋለች። ማታ ሲገባ ሬዲዮው ይናገራል። ይህ ተረት አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ የዚንክ ቆርቆሮ፣ መሐሉ ላይ የካርቦን ዘንግ፣ በዙሪያውም እርጥብ ጥቁር ሊጥ አለ። ሲሠራ ውሎ ሲደክም ከኬሚካሉ የሚወጣው ነገር ዘንጉ ዙሪያ ይከማችና የኤሌክትሪኩን መንገድ ይዘጋል። እረፍትና ሙቀት ሲያገኝ ክምችቱ ይበተናል፣ የቀረው ኬሚካልም ይፈጥናል፤ ለአንድ ዜና የሚሆን ጉልበት ይገኛል። «ድምፁን ቀንሱት፣ ድንጋይ ይበላል» የሚለው የእናቶች ቁጣም ትክክል ነበር። የእነዚያ ትንንሽ ሬዲዮኖች ማጉያ ጮክ ሲል ብዙ ይወስዳል፣ ዝግ ሲል ይቆጥባል። ድንጋይ ለመቆጠብ ድምፁ ሲቀነስ ሰሚው ይጠጋጋል። አሥር ሰው ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ አንድ ሬዲዮ የሚሰማው ከፍቅር ብዛት ብቻ አልነበረም።

ቀኑ በዚህ ይከፈል ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ሰዓት ያለው ሰው በእነዚህ ሦስት ዜናዎች ሰዓቱን ያስተካክላል፤ የሌለው በእነሱ ይተዳደራል። «የ7 ሰዓቱ ዜና ሳይጀምር ድረስ» ይባል ነበር እንግዳ ሲጠራ። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ለትምህርት ቤት ነው። አስተማሪው መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ የሬዲዮው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ዝም ሲል፣ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሬዲዮን ክንዱ አድርጎት ነበር። ዘመቻው ኦሮምኛን ጨምሮ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እስከ 15 ደረሰ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። ፊደል የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ማታ ማታ ደብተር ይዘው ሲሄዱ አይተን እንስቅ ነበር። ዛሬ በዚያ ሳቅ አፍራለሁ።

የማታው ሬዲዮ ሌላ ዓለም ነው። «ከመጻሕፍት ዓለም» የሚባለው ዝግጅት ሰዓቱ ሲደርስ የሰፈሩ ጫጫታ ይረግባል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ የሰማ ሰው መጽሐፉን ከዚያ በኋላ በራሱ ድምፅ ማንበብ ያቅተዋል፤ እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ነበር። ነገር ግን አምቦ ውስጥ ስንት ሰው ገዝቶ አንብቦታል? በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሳን አብዛኛው ሰው ያወቃቸው በጆሮው ነው። ወጋየሁ የቴአትር ሰው ስለነበር ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ፊታውራሪው ሲቆጡ ድምፁ ከደረት ይወጣል፣ ሰብለ ስትናገር ይለሰልሳል፣ ጉዱ ካሳ ጋ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ይሰበራል። ያለ ሙዚቃ ጋጋታ አንድ ሰው ብቻውን ቤተሰብ ሙሉ ይሆናል።

ይህ የጎጃም ታሪክ ነው፤ ከዓባይ ማዶ። ሆኖም በእኛ ቤት አኮ በዕንባ ትሰማው ነበር። እንዴት? እናቴ ከአጠገቧ ተቀምጣ ወጋየሁ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ባጭሩ በኦሮምኛ ትነግራታለች። ትረካው አያቆምም፣ እናቴም አትቀድመውም። ሁለት ድምፅ፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በሹክሹክታ በኦሮምኛ፣ እየተፈራረቁ እንደ ሽመና ክር ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ጥሩ አስተርጓሚዎች በትልልቅ ስብሰባዎች አይቻለሁ። እናቴን የሚያህል አላየሁም።

ከአምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት የተገኘ ነበር፤ ያካባቢያችን ሰው ስለ እሱ ሲያወራ አማርኛውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ቋንቋዎች የሰማበትን ጆሮ ያነሣል። እንዲህ ያለ ጆሮ በምዕራብ ሸዋ የአንድ ባለቅኔ ብቻ ሀብት አልነበረም። ዕለት ዕለት በሬዲዮ ዙሪያ ይሠራ ነበር።

ኦሮምኛ ራሱ በብሔራዊው ሬዲዮ ሲመጣ የተለወጠው ነገር ብዙ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የኦሮምኛ ዜናና ዝግጅት ከአዲስ አበባ ይሰማ ጀመር። አኮ መጀመሪያ የሰማች ቀን ሬዲዮውን እንደ ሰው ሰላም አለችው። በዚያ ዘመን የኦሮምኛ ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ የተመሠረተው «በሪሳ» ጋዜጣም በዚያው ፊደል ይታተም ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ዜና የሚያነበውን ሰው እስኪ አስቡት። ፊቱ ያለው ወረቀት «በዳ» ይላል። ሲላላ ክፉ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደጋ። ፊደሉ መጥበቁንም መላላቱንም አያሳይም። የደጋ ገበሬ ዜና የክፉ ገበሬ ዜና እንዳይሆን አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ቀድሞ መረዳት አለበት፤ ማይክሮፎኑ ተከፍቶ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የላቲኑ ፊደል፣ ቁቤ፣ ሲመጣ ይህ ችግር ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። ስለ ፊደሉ ዛሬም ይከራከራሉ። ለአኮ ግን ሁለቱም አንድ ነበሩ፤ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ድምፁ ነው።

ሬዲዮው በደስታና በድንጋጤ ቀኖች ምን ይመስል እንደነበር ሳልናገር ባልፍ ወጌ ይጎድላል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ሰው ቅዳሴ ውሎ ሲመለስ፣ 60 የሚሆኑ ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች መገደላቸው በሬዲዮ ተነገረ። ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ዜናውን ሳይሆን ከዜናው በኋላ የነበረውን ዝምታ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው መሄዳቸው ቀን በሬዲዮ ሲነገር ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ነበርኩ። ሲንጀሩ ቆመ። አንድ ሽማግሌ «ድገመው በለው» አሉ፣ ሬዲዮው ሰምቶ እንደሚመልስ።

በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ደግሞ የጦርነቱ ዓመታት አሉ። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የሄደባቸው አንዲት ጎረቤታችን የ2 ሰዓት ዜና ሲጀምር በራችን ላይ ይቆማሉ። «ግቡ እንጂ» ሲባሉ አይገቡም። ጠቅላላ ዜናው አያገባቸውም። አንድ ቃል ብቻ ይጠብቃሉ፤ የልጃቸው የመጨረሻ ደብዳቤ የተጻፈበትን ቦታ ስም። ስሙ ከተጠራ ቁጭ ይላሉ፤ ካልተጠራ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይሄዳሉ።

የታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. እሑድ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ። ጨዋታው አንድ ለአንድ አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄድ ደምሴ ዳምጤ የሚናገረው ለአገሩ ሁሉ ነበር። ኳሱን አላየነውም፤ በእሱ ጉሮሮ ግን ተከትለነዋል። ኢትዮጵያ 5 ለ4 አሸነፈች። በዚያን ዕለት ማንም «ማል ጄዼ?» ብሎ አልጠየቀም። ጩኸት በየቋንቋው አንድ ነው።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚሰማም ነበር። ዶይቼ ቬለ ከመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ ይናገሩ ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የተቃዋሚዎች ጣቢያ «ሳገሌ ቢሊሱማ ኦሮሞ» (የኦሮሞ ነጻነት ድምፅ) ከሱዳን ይሰማ ጀመር። እነዚህን ለመስማት በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ሬዲዮው ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። ከሰሙ በኋላ የመንገሩ ሥራ ከባድ ነው፤ ለማን ይነገራል? ወሬው ያኔም ይደርሳል፣ ምንጩ ግን ይቀራል። «አንድ ሰው እንዳለኝ» ይባላል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሌላ አገር የሆነ ነገር ትዝ ይለኛል። ካናዳ በ1941 እ.ኤ.አ. የገበሬዎች የሬዲዮ መድረክ አቋቁማ ነበር። ጎረቤታሞች በሳምንት አንድ ማታ አንድ ቤት ተሰብስበው ይሰማሉ፣ ይወያያሉ፣ ሐሳባቸውን ጽፈው ይልካሉ። ሕንድ በ1956 እ.ኤ.አ. ፑና አካባቢ በ150 ያህል መንደሮች ያንኑ ሞከረች፤ ዩኔስኮም ውጤቱን አጠናው። ዓለም ይህን እንደ ትልቅ ግኝት ጻፈው፤ ያስጽፋልም። በጊንጪና በጌዶ፣ በልብስ ሰፊ በረንዳና በጠላ ቤት፣ ይኸው ነገር ያለ በጀትና ያለ አጥኚ ይደረግ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰሚው መልሶ ለጣቢያው የሚናገርበት መንገድ። ሬዲዮው ይናገር ነበር እንጂ አይሰማም ነበር፤ እኔ የዚያን ዘመን ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር እላለሁ።

በኋላ ዘመን ሲከፈትለት ሰሚው ምን ያህል የሚናገረው እንደነበረው ታየ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ሁለት የሬዲዮ ድራማዎችን፣ «የቀን ቅኝት»ን በአማርኛ በ257 ክፍል፣ «ዽምቢባ»ን በኦሮምኛ ሲያስተላልፍ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ እንደደረሰው መዝግቧል። ሰዎች ለድርሰቱ ሰዎች ምክር ይጽፉ ነበር፤ ይህን አታግባ፣ ሐኪም ቤት ውሰዳት፣ ያን ልጅ ተጠንቀቂው እያሉ። እነዚያ ደብዳቤዎች የአኮ ጥያቄ ቅጥያዎች ናቸው፤ ዘመኑ ተቀይሮ ፖስታ ተገኘላቸው እንጂ።

ልብስ ሰፊው አሁን የለም። በረንዳው ላይ የስልክ ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ይሸጣል፤ ልጆቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በጆሯቸው ሰክተው ያልፋሉ። ጣቢያው በዝቷል፣ ቋንቋውም በዝቷል፤ ይህ መልካም ነው፣ አኮ ብትኖር አስተርጓሚ ባላስፈለጋት።

አንባቢዎቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ ከዚያ ዘመን የቀረ ካሴት ካለ፣ ትረካም ይሁን ዜና፣ ሻጋታ ሳይበላው አስገልብጡት፤ ላዩ ላይ ቀኑንና የተቀዳበትን ከተማ ጻፉበት። ካሴት ከሌላችሁ ደግሞ ሽማግሌዎቻችሁ አሉ። ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና አጠገባቸው ተቀመጡ፤ «በዚያን ቀን ሬዲዮው ምን አለ? ለማንስ ነገራችሁት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን በሚናገሩበት ቋንቋ ቅዱት።